የኤችፒቪ ምርመራ «ፖዘቲቭ» ተባልኩ፤ ለባለቤቴ ምን ልበለው?

ሰፊዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፌ ይረዝማል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የማዋየው ሰው አጥቼ ነው።

37 ዓመቴ ነው። ደሴ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ መስመር ስለሚሠራ በወር ሁለቴ ቢመጣ ነው። ሴቷ ልጃችን 13 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 8።

የዛሬ ወር ገደማ ክንዴ ላይ ያለውን የወሊድ መከላከያ ላስቀይር ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተሯ ካርዴን አየችና «30 አልፎሻል፣ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አለ፣ አይከፈልበትም፣ ትመረመሪያለሽ?» አለችኝ። እሺ አልኩ። አልጋ ላይ ውጪ የምትለኝ መስሎኝ ስሳቀቅ፣ በላስቲክ የታሸገች ቀጭን ብሩሽ ሰጠችኝና ከመጋረጃው ጀርባ ራሴ እንድወስድ አስረዳችኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ብሩሿን ፈሳሽ ያለባት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ነክራ ስሜን ጻፈችባት። «ውጤቱ ሲመጣ እንደውልልሻለን» አለችኝ።

በ12ኛው ቀን ተደወለልኝ። ስደርስ ኮሪደሩ ሰው ጢም ብሎበታል። ወረቀቶቹን የያዘችው ሌላ ልጅ ነበረች፤ ስሜን ጠራችና እዚያው በሩ ላይ ቆማ «አንቺ ፖዘቲቭ ነሽ፣ ማክሰኞ ተመልሰሽ ነይ» አለችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኛ አገር ፖዘቲቭ ሲባል ሰው ምን እንደሚገባው ታውቃላችሁ። ሁለት የሰፈሬ ሴቶች ወረፋ ይዘው ነበር። ወረቀቱን ተቀብዬ አንድ ቃል ሳልጠይቅ ወጣሁ። ማክሰኞም አልሄድኩም።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። እንደገባኝ ከሆነ ኤችፒቪ 16 አልተገኘም ይላል፤ 18/45 አልተገኘም ይላል፤ ከዚያ ግን «ሌሎች ከፍተኛ ስጋት ያላቸው» በሚለው ፊት ለፊት ተገኝቷል ይላል።

ይሄ ካንሰር ነው? ወይስ ብሩሹን ራሴ ስለወሰድኩ አበላሽቼው ይሆን? ደግሞ እኔ ከባለቤቴ ሌላ ወንድ አላውቅም። ከየት መጣ ታዲያ? እሱ ቅዳሜ ይገባል። ልንገረው ወይስ ዝም ልበል? እንቅልፍ አጥቻለሁ። ትናንት የሰው ቀሚስ አጉል ቦታ ቆርጬ አበላሸሁ፤ በ15 ዓመት ሥራዬ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።


መንገደኛው

እህቴ፣ ሹፌር ነው እያልሽን? መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል እኮ። መንገድ ላይ ያገኘውን ነው ያመጣልሽ። ሳይዋሽሽ በፊት ወረቀቱን ፊቱ ላይ አስቀምጪለት።


አዋላጅዋ

እህቴ፣ ከላይ የተጻፈልሽን ለጊዜው ተይውና እኔን ስሚኝ። አዋላጅ ነርስ ነኝ። 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ሰባት ዓመታት ያሳለፍኩት አንቺ ማክሰኞ መግባት በነበረብሽ ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው።

መጀመሪያ፣ ይህ ኤችአይቪ አይደለም። ኤችፒቪ ነው፤ ሌላ ቫይረስ ነው። ሁለቱ ስሞች ጆሮ ላይ ይመሳሰላሉ፤ በዚያ ላይ «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል አገራችን ውስጥ አንድ ትርጉም ብቻ ይዞ ቀርቷል። «ቫይረስ ተገኝቶብሻል» ማለትም አልተሻለም። አንዴ እንዲህ ብዬ የነገርኳት ሴት ከወንበሩ ላይ ተዝለፍልፋ ወድቃብኛለች። ከዚያ ቀን ወዲህ በሩን ዘግቼ፣ አስቀምጬ፣ «ኤችአይቪ አይደለም፣ ካንሰርም አይደለም፣ አሁን ምን እንደሆነ ልንገርሽ» ብዬ ነው የምጀምረው። አንቺን ኮሪደር ላይ የነገረችሽ ልጅ ይህን የሚያስተምራት ሰው አላገኘችም። በጣም ነው ያዘንኩት፤ ማክሰኞ ያልተመለስሽው በእሷ አነጋገር የተነሳ እንጂ በአንቺ ጥፋት አይደለም።

አሁን ማሽኑ ያየውን ልንገርሽ። ሰፊ ነሽ፣ ዚፕ ታውቂያለሽ። የቫይረሱ ዘር፣ ዲኤንኤ የሚባለው፣ እንደተዘጋ ዚፕ ሁለት ጎን አለው። ማሽኑ በሙቀት ይከፍተዋል። ሲቀዘቅዝ ለእያንዳንዱ ጎን የጎደለው ጥርስ ይሠራለትና አንዱ ዚፕ ሁለት ይሆናል። እንደገና ይሞቃል፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ። 30 ጊዜ ከተደጋገመ አንዱ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሆኗል፤ ያኔ መሣሪያው በብርሃን ይለየዋል። በዓይን ቀርቶ በማይክሮስኮፕ የማይታየው ነገር የሚገኘው እንዲህ ነው። ወረቀትሽ ላይ 16 እና 18/45 ለብቻ ለብቻ መጻፋቸውን ሳይ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የተሠራ ይመስለኛል፤ የቲቢ አክታ የሚመረመርበት ያው ሳጥን ነው።

«ራሴ ስለወሰድኩ አበላሽቼው ይሆን» ላልሽው፣ ማሽኑ ከቫይረሱ ጎን የሰው ዘርም ይፈልጋል። በብሩሹ ላይ የአንቺ ሕዋስ በበቂ ካልተገኘ «ውጤት የለውም፣ ይደገም» ብሎ ይመልሰዋል እንጂ ዝም ብሎ ተገኘ ወይም አልተገኘም አይልም። በዚህ ዓይነት ምርመራ ሴት ራሷ የወሰደችው ናሙና ባለሙያ ከወሰደው ጋር የሚቀራረብ ውጤት ይሰጣል። በደንብ ወስደሻል።

12 ቀን የፈጀውም ነገሩ ከብዶ አይደለም። ማሽኑ ውስጥ የሚቆየው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቀሪው መንገድና ወረፋ ነው። ናሙናው ማሽኑ ወዳለበት ሆስፒታል እስኪሄድ ይጠራቀማል፤ እዚያ ደግሞ የቲቢውም የኤችአይቪ መጠን ምርመራውም ያንኑ ሳጥን ይጠብቃሉ፤ ናሙናው ተጨምሮ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ካርትሪጅ ያልቃል፣ መብራት ይጠፋል። ሴቶቹ ግን ቀኑ በረዘመ ቁጥር «ክፉ ነገር ቢያገኙብኝ ነው» ብለው ያስባሉ። እባክሽ እንዲያ አታስቢ።

ኤችፒቪ ከ200 በላይ ዓይነት አለው። ከእነዚህ ውስጥ ምርመራው የሚፈልገው 14 ያህሉን ነው፤ የማህፀን በርን ሊያሳምሙ የሚችሉትን። ከሁሉ የከፉት 16 እና 18 ናቸው፤ ከ10 የማህፀን በር ካንሰሮች 7ቱ ያህል የሚመጡት ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። 16ን እ.ኤ.አ. በ1983 ከካንሰሩ ውስጥ ነጥሎ ያወጣው ሃራልድ ሱር ሃውዘን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ዛሬ አንቺ በሁለት ደቂቃ የተመረመርሽው እሱና ባልደረቦቹ በለፉት ነው። አንቺ ላይ እነዚያ ሁለቱ የሉም። የተገኘው ከቀሩት አንዱ ነው። ስጋቱ ከእነሱ ያነሰ ነው፤ የለም ግን አይባልም።

የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያለው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይህ ቫይረስ ያገኘዋል። ከ10 ሰው 9ኙ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነቱ ራሱ ያጠፋዋል። አልጠፋ ያለው ወደ ካንሰር የሚለወጠው፣ ሰውነቷ በሽታ የመከላከል አቅሙ ያልደከመባት ሴት ላይ፣ ከ15 እስከ 20 ዓመት ፈጅቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ የምትሞቺበት ነገር አልተነገረሽም። ካንሰር ከመሆኑ በፊት፣ ገና በእጅ የሚያዝበት ዘመን ላይ ሳለ ተነገረሽ።

ታዲያ ለምን ትመለሺያለሽ? ማሽኑ ቫይረሱ እንዳለ ነው የሚያውቀው። የማህፀን በርሽ ይለወጥ አይለወጥ አያውቅም። እሱን ለማወቅ ሰው ማየት አለበት። አልጋ ላይ ትወጫለሽ፤ በቀጠነ አሴቲክ አሲድ፣ ማለት አቼቶ ውስጥ ባለው ነገር፣ በጥጥ ይቀባልሻል፤ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። የተለወጠ ሕዋስ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከሌለ በቀጠሮ ትመላለሻለሽ። ካለና ለሕክምናው የሚመች ከሆነ፣ ብዙ ቦታ እዚያው በዚያው ቀን ጫፉ እስከ 100 ዲግሪ በሚሞቅ መሣሪያ ይነካል፤ አንዱ ንክኪ ደቂቃ አይሞላም። ሰፋ ያለ ከሆነ ወይም ጥርጣሬ ካለ ወደ ሆስፒታል ትላኪያለሽ። ቫይረሱን ራሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ የሚታከመው ቫይረሱ ያበላሸው ቦታ ነው። «ለኤችፒቪ» ብሎ ኪኒን ወይም የሚታጠቡበት ነገር የሚሸጥልሽ ሰው ቢመጣ ገንዘብሽን አትስጪው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። አልዋሽሽም፤ ሌላ ወንድ ካላወቅሽ ከእሱ ነው የመጣው። መቼ ለሚለው ግን መልስ የሚሰጥ መሣሪያ የለም። ሳያገባሽ በፊት ይዞት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እሱም አያውቀውም፣ በወንድ ላይ ምልክት የሚያሳየው እምብዛም ነው፣ ለወንድ የሚደረግ የተለመደ ምርመራም የለም። አንቺም ላይ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ቆይቶ ዛሬ ሊታይ ይችላል። መንገደኛው ከላይ የጻፈው ነገር ከዚህ ወረቀት ላይ አይነበብም። ስንት ትዳር እንዲህ ባለ ምክር ሲናጋ አይቻለሁ። ሴቲቱም በዚያ ጭቅጭቅ መሐል ቀጠሮዋን ትረሳዋለች፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ደግሞም ኤችአይቪ በቅርቡ ካልተመረመርሽ እዚያው ተመርመሪ። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ስለሆነ ምርመራውን ከ25 ዓመታቸው ይጀምራሉ፣ ቀጠሯቸውም ይቀራረባል።

ማክሰኞ አለፈ ብለሽ አትፈሪ። በማንኛውም የሥራ ቀን ሂጂ።


የሦስት ልጆች አባት

እህቴ፣ የምጽፈው ደስ ብሎኝ አይደለም። ለአንቺ ካልጻፍኩት ግን ለማን እጽፈዋለሁ።

የዛሬ አራት ዓመት ባለቤቴ እንዳንቺው ወረቀት ይዛ መጣች። አዳማ ነው የምንኖረው። እራት ላይ ነገረችኝ። እኔ ያኔ ያወቅኩት አንድ ነገር ነው፤ በግንኙነት የሚተላለፍ መሆኑን። ተናድጄ አልጮህኩም፤ አልመታኋትም፤ ዘጋኋት። ሦስት ወር። ቡና ስታፈላ ተነስቼ እወጣ ነበር። እሷም «ይህ ምርመራ ነው ቤቴን ያፈረሰው» ብላ ወረቀቱን ቀዳ ጣለችው፤ ለቀጠሮው ሳትሄድ ሁለት ዓመት ሞላት።

ከዚያ ደም መታየት ጀመረ። ሪፈር ተጽፎልን ትልቅ ሆስፒታል ሄድን፤ በኤሌክትሪክ ሽቦ ነው የተበላሸውን ቦታ ቆርጠው ያወጡላት። የባዮፕሲው፣ ማለት ተቆርጦ የወጣው ሥጋ የሚመረመርበት፣ ውጤት እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅን። እነዚያን ሦስት ሳምንታት እግዚአብሔር ለጠላቴ አይስጥ። ውጤቱ ከካንሰር በፊት ያለው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነበር፤ ተርፋለች፤ ዛሬም ክትትል ላይ ናት። ሐኪሙ ወረቀቱን እያገላበጠ «መጀመሪያ ሲነገራችሁ ብትመጡ በአሥር ደቂቃ ታክማ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር» ሲለን ባለቤቴ ወደ እኔ አላየችም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

ባልሽን አላውቀውም። ወንድ ግን ይህን ነገር ከሚስቱ አፍ ሲሰማ ክስ ሆኖ ነው የሚገባው። ይዘሽው ሂጂ። ከሲስተሯ ይስማው።


ሜሪላንድ ያለችው

ሰላም እህቴ። ስለ ብሩሹ ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። እኔ በወሊዴ ጊዜ ከደረሰብኝ ነገር የተነሳ አልጋ ላይ ወጥቶ መመርመር ስለማልችል ዘጠኝ ዓመት ሳልመረመር ቆይቻለሁ። እዚህ አገር ሴት ክሊኒክ ውስጥ ሆና ናሙናዋን ራሷ እንድትወስድ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ነው። ያን ጊዜ ነው እኔም የተመረመርኩት፤ ደኅና ሆኖ ወጣ። ደሴ ላይ የሰጡሽ ነገር የድሃ አገር ማካካሻ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2021 ጀምሮ መጀመሪያ የሚመክረው ይህንኑ የዲኤንኤ ምርመራ ነው።


ሰፊዋ (ጠያቂ)

ሦስት ሳምንት ሆኖኛል ከጻፍኩ። ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉልኝን ወረቀት ላይ ገልብጬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበር።

ቅዳሜ ገባ። ልጆቹ እስኪተኙ ጠበቅኩና ወረቀቱን አወጣሁ። አስቀድሜ «ኤችአይቪ አይደለም፣ ካንሰርም አይደለም» አልኩት፣ ልክ እርስዎ እንዳሉት። ከዚያ በፊት የተዘጋጀሁበት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። እሱ ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየው። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ የጠየቀኝ «ትሞቻለሽ?» ብሎ ብቻ ነው። እኔ ያን ሁሉ ሌሊት ለሌላ ጥያቄ መልስ ሳዘጋጅ ነበር የከረምኩት። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ሰኞ ጭነት ነበረው፤ ለጓደኛው አስተላለፈው። አብረን ሄድን። ሲስተሯ ሁለታችንንም አስገብታ በሩን ዘጋች፤ የመጀመሪያዋ ሲስተር ናት፣ ብሩሹን የሰጠችኝ። እሱ «እኔስ መመርመር የለብኝም?» አላት፤ ለወንድ ምርመራ እንደሌለ ነገረችው። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አላት። «ለሚቀጥለው ዓመት ቀጠሮዋ አስታውሳት» አለችው፤ ቀኑን ስልኩ ላይ ጻፈው።

እሱ ወጣና እኔ አልጋው ላይ ወጣሁ። አቼቶው ትንሽ አቃጠለኝ። በአንድ ጎን በኩል ነጭ ነገር እንዳለ ነገረችኝ፤ ቦታውን እንደ ሰዓት ቁጥሮች ነው የሚጠሩት፣ «በ11 ሰዓት በኩል» አለች። ያን ጊዜ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ትንሽ ስለሆነ እዚያው ማከም እንደምትችል አስረዳችኝና ጠየቀችኝ። እሺ አልኳት። ሁለት ጊዜ ነካችኝ። የወር አበባ ቁርጠት የመሰለ ሆዴን ጭምድድ አደረገኝና ለቀቀኝ። ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ለሳምንታት ሊኖር እንደሚችል፣ ለአራት ሳምንት ግንኙነት እንደሌለ፣ ሽታ ወይም ትኩሳት ካለ ቶሎ እንድመለስ ነገረችኝ። ፈሳሹ አሁን እየቀነሰ ነው። ኤችአይቪም ተመርምሬያለሁ፤ ነፃ ነኝ።

ስወጣ ስለ ኮሪደሩ ነገርኳት። አቀርቅራ ሰማችኝና ይቅርታ ጠየቀችኝ። «ክፍል አንድ ብቻ ነው ያለን» አለችኝ። እኔ ግን መጋረጃ ስፌት እችላለሁ አልኳት። የኮሪደሩን መጨረሻ የሚከልል፣ ሁለት ወንበር የሚያስገባ፣ ወፍራም ጨርቅ ያለው መጋረጃ ሰፍቼ ባለፈው ዓርብ ወስጄ ሰጠሁ። እስካሁን አልተሰቀለም፤ ዘንጉ ይገዛ እየተባለ ነው። በየሳምንቱ እጠይቃለሁ።

ሲስተር፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ ክትባቱን ማግኘት ትችላለች? አክስቴ ደግሞ 54 ዓመቷ ነው፣ አንድም ቀን ተመርምራ አታውቅም። «የወር አበባዬ ከቆመ ቆየ፣ የእኔ ማህፀን አርጅቷል» እያለች ትመልሰኛለች።


አዋላጅዋ

እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ። ስለ መጋረጃው ያልሽውን ለሥራ ባልደረቦቼ አንብቤላቸዋለሁ።

ለልጅሽ፣ ክትባቱ አገራችን ውስጥ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመር አብዛኛው በትምህርት ቤት ነበር የሚሰጠው። ዘንድሮ ለየትኛው ዕድሜና መቼ እንደሚሰጥ የትምህርት ቤቷን ርእሰ መምህር ወይም የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቂና ቀኑን ያዢ። ቫይረሱ ሳያገኛት በፊት መሰጠቱ ነው ጥቅሙ። ክትባቱን ብትወስድም 30 ሲሞላት መመርመሯ አይቀርም፤ ሁሉንም ዓይነት አይከላከልምና።

አክስትሽ ተሳስተዋል። ይህ ካንሰር በርትቶ የሚታየው ከ40 በኋላ ነው። የወር አበባ ሲቆም፣ የማህፀን በር ላይ ሕዋሱ የሚለወጥበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ በአቼቶው በዓይን ማየቱ ለእሳቸው አይመችም፤ ስለዚህ ለእሳቸው ዕድሜ የሚሆነው ብሩሹ ነው። በዕድሜያቸው ምክንያት «አንቀበልም» ቢሏቸው፣ ፈጽሞ ተመርምረው እንደማያውቁ ንገሪያቸው፤ ከ50 እስከ 65 ሆና ተመርምራ የማታውቅ ሴትም ቅድሚያ ይገባታል። ራሳቸው ከመጋረጃው ጀርባ እንደሚወስዱት ስትነግሪያቸው ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል። በእኔ ክፍል ብዙዎቹን እናቶች እሺ የሚያሰኛቸው እሱ ነው።


ሰፊዋ (ጠያቂ)

ብሩሹን ስነግራት ሳቀችና እሺ አለች። ሐሙስ ይዣት እሄዳለሁ። ውጤቷ የሚመጣ ቀንም አብሬያት ነው የምሄደው፤ ስሟ ሲጠራ ተነስቼ ሲስተሯ ክፍል አስገባታለሁ፤ በር ላይ ቆመው እንዲነግሯት አልፈቅድም።